88 ያመጣው ሰልጣኝ እና ያልወረደው ብሬከር

ደብረ ብርሃን፣ ወደ ጠባሴ አቅጣጫ፣ ልስኑ ያለቀ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። በአካባቢው ካሉ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ከአንዱ ለትብብር ስልጠና የተላከ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሰልጣኝ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጀንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበትን ሳጥን) ሊከፍት መሰላል ላይ ወጥቷል። ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ ሲያርፍ የሕንፃው ኤሌክትሪሽያን ከታች ጮኸበት።

«ቆይ አንተ ልጅ! መብራት አጥፍተሃል?»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ። ‹2ኛ ፎቅ ሶኬት› የሚለውን ብሬከር ራሴ ነኝ ያወረድኩት።»

«ካወረድከው በኋላ በምን አየኸው?»

ልጁ ዝም አለ። ኤሌክትሪሽያኑ አስወረደውና ራሱ ወጥቶ ክዳኑን ፈታ፤ ቴስተሩን (አምፖል ያለበትን ካቻቢቴ መሳይ መፈተሻ) ፌዙ ላይ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ላይ፣ ሲያስነካው በራ። ፓነሉ (ብሬከሮቹ፣ ማለትም የየመስመሩ ማጥፊያዎች ያሉበት ሳጥን) ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ዝርጋታ የቀረ ነበር። በኋላ መስመሩ ሲቀየር ጽሑፉን የቀየረው የለም፤ 220 ቮልቱ ሽቦው ላይ እንዳለ ነበር። ማንም አልተጎዳም።

ወሬው ከሎግ ቡኩ (ከሰልጣኙ የሥራ መዝገብ) ጋር ኮሌጁ ሲደርስ የልጁ የምዘና ፋይል ተከፈተ። ውጤቱ 88 ነው። ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነበር።

የማረጋገጫ ቅጹ 25 ነጥቦች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው አራት አራት ይይዛሉ፣ ድምራቸው መቶ። ሽቦ መላጥ፣ የኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) አሰራር፣ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት፣ ለሶኬት 2.5 ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መምረጥ፣ ሁሉም አለበት። ልጁ የጎደሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱም ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው፦ የመለኪያ መሣሪያውን አስቀድሞ መፈተሽ፣ ኃይል መቋረጡን በመለኪያ ማረጋገጥ፣ ከለኩ በኋላ መሣሪያውን እንደገና መፈተሽ። ማለትም ፋይሉ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ድምሩ ግን ዋጠው። አምፖል ቀጥ አድርጎ መግጠም እና በሕይወት መትረፍ እኩል አራት አራት ነጥብ ተሰጥቷቸዋል።

በሙያ ደረጃው (ሰልጣኙ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት በሚዘረዝረው ሰነድ) አሠራር እያንዳንዱ የብቃት አሃድ የሚፈረደው «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ነው። ነጥብ መደመር የመጣው ከቀለም ትምህርት ልማድ ነው፤ ለደረጃ ማውጫ ይመቻል እንጂ ሰልጣኙ ምን መሥራት እንደሚችል አይናገርም። የብረታ ብረቱም የልብስ ስፌቱም ክፍል ተመሳሳይ ቅጽ ስላለው ይህን ጉዳይ የኤሌክትሪክ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ይሆናል።

የክፍሉ አሰልጣኞች ቀጥለው የሠሩት ሥራ ቀላል ነው፤ ወረቀት እና ማስመሪያ ይበቃዋል። የ24ቱን ሰልጣኞች ቅጽ በአንድ ሰንጠረዥ ገለበጡት፦ በአግድም ሰልጣኞች፣ በቁም 25ቱ ነጥቦች። ሰንጠረዡ በአግድም ሲነበብ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት ነው፤ ሁልጊዜም የሚነበበው እንዲያ ነው። በቁም ሲነበብ የስልጠናው ጉድለት ይወጣል። የሁለት ቦታ ማብሪያው ዓምድ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። «ኃይል መቋረጡን ማረጋገጥ» የሚለው ዓምድ ላይ ግን ምልክት ያላቸው 15 ናቸው፣ ዘጠኙ ባዶ።

ዘጠኙን ጠርቶ ድጋሚ ማሰልጠን ይበቃል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ደግነቱ አንዱ አሰልጣኝ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ በእኔ ግምት የዚያን ቀን ትልቁ ሥራ ይህ ነው፦ 15ቱስ ሲያረጋግጡ ማን አየ?

ያየ አልተገኘም። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት ስድስት የልምምድ ቦርዶች የሚመገቡት ከአንድ ብሬከር ነው። በምዘና ቀን መዛኙ ለደህንነት ሲል እሱን አስቀድሞ ያወርደዋል። ቦርዱ ኃይል እንደሌለው ሁሉም ያውቃል፤ ታዲያ ማን ይለካል? መዛኙም ቅጹን የሚሞላው ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጦ፣ ከትዝታ ነው። ሥራው ንጹሕ ለሆነለት ልጅ «ይህንም ሳያደርግ አይቀርም» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ለደከመው ይተወዋል። እናም 15ቱ ምልክቶች የመዛኙ ግምት ናቸው፤ ዘጠኙ ባዶዎችም እንዲሁ። የ88ቱ ልጅ ከሌሎቹ የባሰ ነበር ለማለት እንኳ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ ቅጹ ተቀየረ። «አደረገ» እና «አላደረገም» ከሚሉት ሁለት ዓምዶች አጠገብ ሦስተኛ ተጨመረ፦ «ለማየት ዕድል አልነበረም»። መብራት ስለጠፋ፣ መሣሪያ ስላልነበረ፣ ሰዓት ስላለቀ ያልታየ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይገባል። በሁለት ዓምድ ብቻ መዛኙ ያላየውን ነገር ወይ ለልጁ ያዳላበታል ወይ ይቀጣበታል። ሦስተኛው ዓምድ ሲሞላ ደግሞ ጥፋቱ የምዘናው ዝግጅት እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ለምሳሌ የኢንሱሌሽን ሙከራ፣ ማለትም የሽቦው ልባስ ኤሌክትሪክ አለማሳለፉን መለካት፦ ለዚህ የሚሆነው መለኪያ፣ ሜገር፣ ያለው አንድ ነው፤ አንድ ልጅ በ500 ቮልት ለክቶ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች አለመሆኑን ያሳያል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፣ ለሁሉም ምልክት ይደረግ ነበር። በአዲሱ ቅጽ 23ቱ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ገቡ። «አንድ ሜገር ለ24 ሰው አይዳረስም» ለሚለው መልሱ ሒሳብ ነው፦ ለአንድ ሰው 12 ደቂቃ ቢፈጅ ለ24ቱ 288 ደቂቃ፣ አምስት ሰዓት አይሞላም። በሁለት ግማሽ ቀን ያልቃል።

ቀጥሎ የነጥቦቹ አጻጻፍ ታየ። «ኃይል መቋረጡን ያውቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይመዘንም፤ እውቀት በዓይን አይታይም። በምትኩ የሚታይ ድርጊት፣ የሚደረግበት ሁኔታ እና መጠኑ ተጻፈ፦ ሰልጣኙ ኃይል ባለው ፓነል ፊት፣ ክዳን ፈትቶ ሽቦ ከመንካቱ በፊት፣ ብሬከሩን ለይቶ ያወርዳል፤ ሌላ ሰው እንዳያነሳው ይቆልፋል ወይም «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርድ ያንጠለጥላል፤ መለኪያውን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይፈትሻል፤ ፌዝ ከኒውትራል (መላሹ ሽቦ)፣ ፌዝ ከግራውንድ (የመሬት ሽቦ)፣ ኒውትራል ከግራውንድ ሦስቱንም ይለካል፤ ተመልሶ መለኪያውን በዚያው ሶኬት ላይ ይፈትሻል። የመጨረሻው እርምጃ ትርፍ ይመስላል፣ አይደለም። የሙልቲ ሜትር ባትሪ ወይም የመለኪያ ገመድ መሃል ላይ ቢሞት፣ ንባቡ ዜሮ የሚሆነው በመሣሪያው ችግር እንጂ ኃይል ስለሌለ አይሆንም። ካቻቢቴ መሳዩ ቴስተርም ለዚህ አይታመንም። አምፖሉ የሚበራው ጥቂት ኤሌክትሪክ በሰውየው በኩል ወደ መሬት ሲያልፍ ነው፤ ወፍራም የጎማ ጫማ አድርጎ ደረቅ እንጨት ላይ የቆመ ሰው ላይበራለት ይችላል፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ቢበራም አይታይም። መብራቱ ኃይል መኖሩን ይናገር ይሆናል፤ አለመኖሩን ግን አያረጋግጥም።

ከቅጹ ላይ «በአግባቡ» እና «በጥንቃቄ» የሚሉትም ቃላት ወጡ። ምክንያቱ ሙከራ ነው፦ ሁለት መዛኞች ሳይነጋገሩ ስድስት ሰልጣኞችን አብረው መዘኑ። ስድስት በ25፣ 150 ፍርድ። የተስማሙት በ117ቱ፣ ማለትም 78 በመቶ። ያልተስማሙባቸው 33ቱ ሲለቀሙ የበዙት እነዚያ ቃላት ባሉባቸው ነጥቦች ላይ ወደቁ። «ሽቦውን በአግባቡ ይልጣል» የሚለው «የመዳቡ ክር ሳይቆረጥና ሳይጫር፣ ክሩ ከተርሚናሉ ውጭ ሳይታይ» ተባለ። ከዚህ በኋላ ላለመጨቃጨቅ ሽቦውን ማየት ብቻ ይበቃል።

ሦስቱ የደህንነት ነጥቦችና የብሬከር መለየቱ ከድምሩ ወጥተው ለብቻቸው ቆሙ። ከአራቱ አንዱ የጎደለ ሰልጣኝ ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆን እንኳ «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል፤ የጎደለውን ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደግማል እንጂ ሙሉውን ምዘና አይደግምም።

ለድጋሚ ምዘናው በእውነት ኃይል ያለው ፓነል አስፈለገ። ከ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው ከሚያቋርጥ ብሬከር) በኋላ ተሠራ፤ መዛኙ እጁን ከዋናው ማጥፊያ ሳይለይ ይቆማል። ሕንፃው ላይ እንደሆነው አንድ ጽሑፍ ሆን ተብሎ በተሳሳተ ብሬከር ላይ ተለጠፈ። ይህ ወጥመድ ነው፣ ልጆቹን ማታለል ነው የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። የተስማሙበት መንገድ የሥራ ትእዛዙ ላይ «የፓነሉ ጽሑፍ አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ ነበር። ሳይት ላይ ያለ ፓነል ሁሉ እንዲያ ስለሆነ ማታለሉ ይቀራል፣ ፈተናው ግን ይኖራል።

ሰዓቱም ታሰበበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውርጩ ገና አልለቀቀም። የሽቦው ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ፒንሳ አይጨበጥም። በ45 ደቂቃ ይለቅ የተባለ ሥራ ለጠዋቱ ቡድን እና ለቀትሩ ቡድን አንድ ዓይነት አይደለም። ምዘናው ከ4 ሰዓት በፊት እንዳይጀመር ተወሰነ።

በድጋሚው ከ24ቱ 21ዱ ትክክለኛውን ብሬከር በመለኪያ ለይተው አወረዱ፤ ሁሉም ሦስቱን ልኬቶች ለኩ። መለኪያውን ተመልሶ መፈተሽ ላይ ግን 11 ልጆች ጎደሉ። ዓምዱ እንደገና በቁም ታየ፤ የጎደሉት ሁሉ ማለት ይቻላል ከበሩ ርቀው ባሉት ቦርዶች ላይ የሠሩ ናቸው። ኃይል እንዳለው የሚታወቀው ሶኬት በሩ አጠገብ ነበር፤ ከመጨረሻው ቦርድ ስምንት ሜትር ይርቃል። ሥራ ሲጀምሩ በመንገዳቸው ስለሆነ ይፈትሹበታል፤ ለክተው ሲጨርሱ ግን ተመልሶ የሚሄድ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ከስድስቱም ቦርዶች አጠገብ አንድ አንድ ሶኬት ተተከለ፤ 11ዱም እዚያው ላይ ደገሙ።