ናኖፓርቲክል መሥራቱስ ቀላል ነው

ሰላም ጓዶች። መድኃኒት የያዙ ናኖፓርቲክሎችን (በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ የሚለኩ ቅንጣቶችን) ስሠራ ላብራቶሪ ውስጥ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የምሠራው በኩርኩሚን ነው፤ እርድን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር። ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቢዋጥም ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት ነው። እኔ የምጠቀልለው ፒኤልጂኤ በሚባል፣ ሰውነት ቀስ በቀስ በሚያፈርሰው ፖሊመር ነው።

ዘዴው ናኖፕረሲፒቴሽን ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ እነ ፌሲ በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት። ኩርኩሚኑንና ፖሊመሩን አሴቶን ውስጥ አሟሟለሁ። ከዚያ ፒቪኤ (ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያግዝ ፖሊመር) ያለበት፣ እየተማሰለ ያለ ውሃ ላይ በመርፌ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። አሴቶኑ ወዲያው ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ፖሊመሩ የሚያሟሟው ያጣና መድኃኒቱን እንደያዘ ወደ ጥቃቅን ጠጣር ይለወጣል። ውሃው ቢጫ ሆኖ ይደፈርሳል። በቃ! አሴቶኑ እስኪተን ሲማሰል ያድራል። ቢከሩን በፎይል ሸፍኑት፤ ኩርኩሚን ብርሃን አይወድም።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሳይጠቀለል የቀረው ኩርኩሚን ከታች ይዘቅጣል፤ እሱን መጀመሪያ በዝግተኛ ሴንትሪፊውጅ አወጣለሁ። ፓርቲክሎቹን ለማጠብ ግን በጣም ፈጣን ዙር ያስፈልጋል። ያኔ እርስ በርስ ተጨፍልቀው ይጓጉላሉ። አቀዝቅዞ ማድረቅ (ውሃውን በረዶ አድርጎ በቫኪዩም ማትነን) ደግሞ ይብሳል። በረዶው ሲሠራ ፓርቲክሎቹን እየገፋ ያጣብቃቸዋል። ትሬሃሎዝ የሚባለው ስኳር መሃላቸው ገብቶ ይለያያቸዋል። የስኳሩ መጠን ካነሰ ግን ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ተመልሶ አይበተንም። እኔ ከመድረቁ በፊትና በኋላ የቅንጣቶቹን መጠን በዲኤልኤስ (በብርሃን መበተን መጠን የሚለካ መሣሪያ) ሳልለካ ውጤት አልመዘግብም። ከመድረቁ በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው ያቆመው።

ወደ ደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ ማምከንም አለ። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) 121 ዲግሪ ነው፤ ፒኤልጂኤ ደግሞ 50 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ ይለሰልሳል። የሚቀረው ቀዳዳው 0.22 ማይክሮሜትር (220 ናኖሜትር) የሆነ ማጣሪያ ነው። ስለዚህ ፓርቲክሎቹ ከ200 ናኖሜትር በታች መሆናቸው ለወግ አይደለም፤ ከዚያ ከተለቀ ማጣሪያው ይደፈናል።

ውሃ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት ያላችሁ በዚህ ዘዴ አትድከሙ። ወደ ውሃው ሮጦ ይወጣባችኋል፤ ድርብ ኢመልሽን (መድኃኒቱን የያዘ ውሃ ፖሊመሩ በተሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ፣ ያ ደግሞ በሌላ ውሃ ውስጥ የሚበተንበት ዘዴ) ሞክሩ።

አሁን ቢከሩን ትቼ በሲሪንጅ ፓምፕ ሁለቱን ፈሳሾች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ላገናኛቸው ነው። የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባቶች የስብ ቅንጣትም የተሠራው እንዲህ በፈጣን ቅልቅል ነው፤ ኤታኖል ላይ የተሟሟ ስብ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ። ቢከር ውስጥ የቅልቅሉ ፍጥነት በማማሰያው ይለያያል፤ የሚሠራው ፈሳሽ መጠን ሲጨምር ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ይሆናል። ፓምፕ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የአሴቶኑንና የውሃውን ፍሰት በምን ያህል ሬሾ ነው የምትጀምሩት?