በዓይኗ ቦታ ቁልፍ የተሰፋባት እናት

ለልጆች የሚሠራ ፊልም ሁሉ ብሩህና ከፍርሃት የጸዳ መሆን አለበት የሚለውን አስተሳሰብ ተቀብዬው አላውቅም። ሰሞኑን እዚህ ደብረ ማርቆስ ከእህቴ ልጅ ጋር «ኮራላይን»ን እንደገና ሳየው፣ ለምን እንዳልተቀበልሁት ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ።

ፊልሙን በ2009 እ.ኤ.አ. ከኒል ጌይማን መጽሐፍ ተነሥቶ ያዘጋጀው ሄንሪ ሴሊክ ሲሆን፣ የሠራውም ላይካ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ነው። ወላጆቿ በሥራ ተጠምደው ዞር ብለው የማያዩዋት ልጅ በአንዲት ትንሽ በር ሾልካ የራሷን ቤት የሚመስል ሌላ ቤት ታገኛለች። እዚያ ያለችው «ሌላዋ እናት» የምትወደውን ታበስልላታለች፣ ታጫውታታለች፤ ዓይኖቿ ግን የልብስ ቁልፎች ናቸው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ፍርሃቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ሌላዋ እናት ፈገግ እንዳለች አንዲት ትንሽ ሣጥን ገበታው ላይ ታቀርባለች፤ በውስጧ ጥቁር ቁልፎች፣ መርፌና ክር አሉ። እዚህ ለዘለዓለም መኖር ከፈለግሽ እነዚህ በዓይኖችሽ ላይ ይሰፋሉ ትላታለች፤ ጥቁሩን ካልወደደችው ሌላ ቀለም መምረጥ እንደምትችልም ትነግራታለች። የእህቴ ልጅ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «አጎቴ፣ እሺ ልትል ነው እንዴ?» አለችኝ። መልሱን ልነግራት አልወደድሁም፤ የፊልሙ ልጅ የተራበችው ፍቅር ነው፣ የቀረበላትም ፍቅር የሚመስል ነገር ነውና ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሕፃን ልጅም ሊያስብበት ይገባል። እኛም ብንሆን ማታ ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን፣ ስለ ጅብ እየሰማንና እየፈራን ነው ያደግነው፤ ከምድጃው ዳር ተነሥቶ የሄደ ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ ደግሞ በእጅ የተሠራ መሆኑ ልዩ ክብር እንድሰጠው ያደርገኛል። አሻንጉሊቶቹ በጥቂት በጥቂቱ እየተነቃነቁ ፎቶ ይነሣሉ፤ ለአንድ ሰከንድ 24፣ ለአንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ማለት ነው። የፊታቸው ገጽታ የሚለዋወጠው በስሪዲ ፕሪንተር (ቅርጽ ያለው ዕቃ በሚያትም ማሽን) የታተሙ ፊቶችን እየነቀሉ በመተካት ነው። የልጅቷ ሹራብ እጅግ በቀጠኑ መርፌዎች የተሠራ ሲሆን፣ በዛፎቹ ላይ የምናየው አበባም ቀለም የተቀባ ፈንዲሻ ነው። ከሁሉም በላይ የወደድሁት የክፍሎቹ አሠራር ነው፦ የእውነተኛው ቤት ክፍሎች ጠበብና ጠፍጠፍ ተደርገው ሲሠሩ የሌላዋ እናት ቤት ጥልቀት ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ራሱ ወደ ወጥመዱ ለመግባት ይጓጓል፣ ልጅቷ ለምን እንደተታለለችም ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ኋላ ላይ ልጅቷ እየፈራች፣ ሌላዋ እናት የወሰደችባትን ወላጆቿን ለማስመለስ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። የእህቴ ልጅ እስከዚህ ድረስ ዓይኗን ሸፍና ቆይታ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እጇን ከፊቷ አንሥታ ቀና ብላ ተቀመጠች። ለትንንሽ ልጆች ብቻቸውን እንዲያዩት አልመክርም፤ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን፣ አጠገቡ የሚጠይቀው ትልቅ ሰው እስካለ ድረስ፣ ያለ ማመንታት እከፍትለታለሁ።