በአባቴ የሕይወት ታሪክ ላይ ያልተነበበው

አባቴ ባለፈው ጥር አረፈ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ወንድሜ በስልኩ ቀድቶ ላከልኝ። የት ተወለደ፣ መቼ አገባ፣ ስንት ልጅ ወለደ፣ «በግብርና ሥራ ቤተሰቡን ሲያስተዳድር ቆይቶ»፣ በቃ። በአንባቢው አልፈርድም። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ሰሞን የተፈጸመ ቀብር ነው፤ ቁጭ ብሎ ረጅም ነገር ለመጻፍ ማን ልብ አለው? እኔ ግን እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያወቀው፣ የሞከረው፣ የተከራከረበት ነገር አለ።

ለቅሶ የተቀመጥኩት በምኖርበት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሰው ይመጣል፣ ያጽናናል። እግዜር ይስጣቸው፣ ብቻዬን አላሳደሩኝም። «አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር?» ይሉኛል። «ገበሬ» እላለሁ። «ነፍስ ይማር» ይሉና ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። አንድ የምንጃር ሰው የሆኑ አዛውንት ብቻ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ያረሱት ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር?» አሉኝ። ዋልካ ነው አልኳቸው። «እንግዲያ ለፍተዋል» አሉ። ያን ምሽት ስለ አባዬ የልቤን ያወራሁት ከእሳቸው ጋር ነው።

አገራችን ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው ደጀን ሲደርሱ ሜዳው ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ዋልካ ነው። በጋ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ላይ ጫማ ይነጥቃል። ጤፍ ይወዳል፣ ነጭ ጤፍ። ግን አባዬ «ይሄ መሬት ቀን ይቆጥርብሻል» ይል ነበር። ቀድመው ከገቡበት ማረሻ ላይ ይጣበቃል፤ ከዘገዩበት ውሃ ይተኛበታል።

ለጤፍ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። መገመስ፣ ማየም፣ መሰለስ እያለ ይቀጥላል። ሐምሌ ላይ ከመዘራቱ በፊት ደግሞ ከብት እየተነዳበት ይረገጣል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ናት፤ አፈሩ ልል ከሆነ ውስጥ ገብታ ትቀራለች። እኛ ልጆቹም በባዶ እግራችን ከከብቱ ኋላ እየሮጥን እንረግጥ ነበር። አባዬ በዚህ መሃል ጎንበስ ይልና አፈሩን በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ ያየዋል። አንዳንድ ቀን «ነገ» ይላል፤ ሁላችንም ወደ ቤት እንመለሳለን። ጎረቤቱ ሁሉ እየዘራ እሱ «ነገ» ካለ ነገ ነው። መዝራቱን ለማንም አይሰጥም። ነፋስ ካለ ቁናውን ይዞ ይቆማል እንጂ አይበትንም። ከዘራ በኋላ ዝናቡ እንዳይተኛበት ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ያወጣል። አንድ ፈሰስ አቅጣጫው ትንሽ ከተዛነፈ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ይታጠባል፤ በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሟል። አባዬ ግን አንድም ቀን በፈሰስ ተከሶ አያውቅም። ይህን ብቻውን የሕይወት ታሪኩ ላይ ቢጽፉት ደስ ይለኝ ነበር።

በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ ሲያምፅ አባዬ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበር። አባቱ ጫካ ገብተው መመለሳቸውን ያስታውሳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ እርፍ መጨበጥ ጀምሯል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ማታ ማታ እየሄደ ፊደል ቆጠረ። ጽሑፉ ያምር ነበር። ያመጣበትን ጣጣ ግን ማንም አልጠበቀም። ማንበብና መጻፍ ስለቻለ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ አደረጉት። ኮታ ይመዘግባል፣ ስብሰባ ይጽፋል። ደርግ ሲወድቅ ደብተሩን አስረክቦ ወደ እርሻው ተመለሰ።

በ1989 በክልላችን መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ኃላፊ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተባሉ። ለእነሱ የተፈቀደው አራት ጥማድ ነው፤ አንድ ሄክታር ማለት ነው። አባዬም ጸሐፊ ነበረና ስሙ ከእነሱ ጋር ተጻፈ። ከመሬቱ ከግማሽ በላዩ ተወሰደ። የሄደው ደግሞ የወንዝ ዳሩ ነው፣ ከአባቱ ጋር ድንጋይ ለቅሞ ያቀናው። እማዬ ለብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ አታልፍም ነበር። እኔ ልጅ ብሆንም ቤቱ እንዴት እንደከበደ አስታውሳለሁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ፊደል መቁጠር እንዴት ወንጀል ይሆናል?

መሬቱ የደረሰው አንድ መሬት ያልነበረው ወጣት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ውሃው አስቸገረውና አንገቱን ደፍቶ መጣ። «አያ፣ ፈሰሱን በየት በኩል ነበር የምታወጡት?» አለ። እማዬ ፊቷን አዞረች። አባዬ ዶማውን አንስቶ አብሮት ሄደ፣ ከሰዓቱን ሙሉ አሳይቶት ተመለሰ። እማዬ ስትቆጣው «መሬቱ ምን አጠፋ?» አላት። በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲመጣ፣ የእሱና የእማዬ ፎቶ ያለበትን ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከዳዊቱ አጠገብ አስቀመጠው።

እኔን ያስተማረኝ ባሕር ዛፍ ነው። አካባቢው ሴት ልጅ ቶሎ የምትዳርበት ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሽማግሌ መጣ። አባዬ በክብር አስተናግዶ፣ ጠላ አጠጥቶ፣ «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ቢቸና ከተማ ቤት ተከራየልኝ። በገበያ ቀን ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ በአህያ ጭኖ ይመጣል። የቤት ኪራዩንና የደብተሩን ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ የተከላቸውን ዛፎች እየቆረጠ ይሸጣል። ብዙ ሰው ባሕር ዛፍን እህል መሬት ላይ ሲተክል እሱ እሺ አላለም። «እሱ ጎረቤት አይወድም፤ ውሃውን ጠጥቶ ጤፌን ያስርበዋል» ይላል። ከአፋፉ አላወረደውም።

ግትር ግን አልነበረም። «ቁንጮ» የሚባለው የተሻሻለ ጤፍ በ1998 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ወጥቶ ወደ እኛ አገር ሲደርስ ቀድሞ ከዘሩት አንዱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጤፍን በመስመር መዝራት መጣ። በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚበተነው ዘር ወደ 5 ኪሎ ግድም ይወርዳል፣ ምርቱም ይጨምራል ተባለ። ሰው በሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። አባዬ አልተከራከረም። አንዱን ማሳ ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን እንደ ድሮው በተነ፣ ግማሹን የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በስቶ በመስመር ዘራ። ለአዲስ ዓመት ከአዲስ አበባ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ ማሳው ድረስ ወሰደኝ። «ነይ እይው» አለኝ። በመስመር የተዘራው አገዳው ወፍሯል፣ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ወጥቷል። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱን ለየብቻ አስወቅቶ በቁና ሰፈረ። «የመስመሩ ይበልጣል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚዘራ ሰው የለኝም» አለ። ከዚያ በኋላ ለዘር የሚያስቀምጠውን ብቻ በመስመር፣ የቀረውን በብተና መዝራት ጀመረ። ሙከራ አድርጎ፣ መዝኖ፣ አቅሙን አይቶ ወሰነ። አንድ ተመራማሪ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ የስልክ ወሬያችን ግማሹ እርሻ ነበር። አይዳሆ በሚባል ስቴት ጤፍ እንደሚመረት ስነግረው ዝም አለ። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ሠርቶ ሲመለስ ያስጀመረው ነው አልኩት። ጥያቄው አላቆመም። ዝናብ ይበቃቸዋል? በመስኖ ነው ስለው «ታድለው!» አለ። በምን ያጭዱታል? በኮምባይነር። አይረግፍባቸውም? ጭዱንስ ለከብት ይሰጡታል ወይስ ይጥሉታል? የማላውቀውን እየጠየቅሁ እመልስለት ነበር። ከአይዳሆው ጤፍ የጋገርኩትን እንጀራ ፎቶ ላክሁለት። «ዓይኑ ጥሩ ነው» ብሎ አመሰገነ፤ እውነቱን ነው፣ ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር።

ብር ስልክለት ለራሱ የሚያውለው ጥቂት ነው። ከተማ ቤት እንሥራልህ ብንለው እሺ አላለም። የሚፈልገው ማዳበሪያ በዱቤ እንዳይወስድ ነው፤ ዕዳ ያለበት ጤፍ ዋጋው በረከሰ ጊዜ እንደሚሸጥ ያውቃል። በጥር ሁሉም ሲሸጥ እሱ ጎተራውን ዘግቶ ክረምት እስኪቃረብ መጠበቅ ይፈልግ ነበር። እኔ የምልከው ብር ያን መጠበቅ ቻለለት። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ሲጠፋ ግን ብርም አላዳነም። ከበረቱ ያጠራቀመውን ፍግና አመድ ወደ ታችኛው ማሳ በአህያ አጋዘ። ፍጉ የደረሰበት ጤፍ ደህና ነበር፤ ያልደረሰበት አነሰ።

አሁን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰኔ ላይ ደወለልኝ። ላይኛው ማሳ ዓምናም ካቻምናም ጤፍ ነበረ፤ ዋጋው ስለተወደደ ዘንድሮም ልድገመው ይላል። እማዬ አጠገቡ ሆና ትሰማለች። «አባትህ ጤፍ ሦስት ዓመት አያስከትልም ነበር!» ስትል በስልኩ ተሰማኝ። አዎ፣ አያስከትልም ነበር። ሁለት ዓመት ጤፍ፣ ከዚያ ዝናቡ ሲያበቃ በእርጥበቱ ሽምብራ ወይም ጓያ። ወንድሜ ትንሽ ተከራከረና ተስማማ። ታችኛው ጤፍ ይዘራበታል፣ ላይኛው መስከረም ላይ ሽምብራ ይገባበታል። የዘር ሽምብራውን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ብሩን ልኬያለሁ።