ግድግዳው ከመቆሙ በፊት፦ ሲያትል ውስጥ የቤት አናጢ የሆንኩበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት አጽም የሚያቆም አናጢ ፍሬመር ይባላል። መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ይመጣል። ወለሉን፣ ግድግዳውንና ጣራውን በእንጨት ያቆማል። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑና የቧንቧ ሠራተኛው እንዲገቡ ለቆላቸው፣ ዕቃውን ጭኖ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። እኔ ሲያትል ዙሪያ ነው የምሠራው፤ ኬንት፣ ሜፕል ቫሊ፣ አንዳንዴም በሰሜን በኩል እስከ ሜሪስቪል። ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደሚገባ የሚጠይቀኝ የአገር ልጅ ብዙ ነው። ኡበር የሰለቸው አለ፣ ኤርፖርት የሚሠራ አለ፣ አገር ቤት አናጢ ወይም ግንበኛ የነበረና እዚህ መጥቶ ሙያውን የተወ አለ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። አጎቴ አናጢ ነበር፤ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ከእሱ ጋር እውል ነበር። የጭቃ ቤት ነው የምንሠራው። የባህር ዛፍ ቋሚ ቆፍረን እንተክላለን፣ ማገር እንመታለን፣ ወራጅ እናወጣለን፣ ቆርቆሮ እናለብሳለን። ቱንቢ መጣልና ውሃ ልክ ማየት የተማርኩት ከእሱ ነው። በዲቪ ሲያትል ስገባ ግን ይሄ እዚህ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም። ፓርኪንግ ገባሁ፤ እዚያው ከረምኩ።

መንገዱን ያሳየኝ ኤሌክትሪሺያን የሆነ የአገራችን ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስለ አጎቴ ሥራ አወራሁት።

«መዶሻ የለመደ እጅ ይዘህ ነው ቲኬት እየቆረጥክ የምታረጀው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬ አይበቃም እኮ።»

«እዛ ማን እንግሊዝኛ ያወራል ብለህ ነው!»

እውነቱን ነበር። ሰኞ እሱ ከሚሠራበት ቤት አጠገብ ወዳሉት ፍሬመሮች ወሰደኝ። ቡድኑ በሙሉ የሜክሲኮና የጓቲማላ ሰዎች ናቸው። ከጎናቸው ያለውን ቤት የሚሠሩት ደግሞ ዩክሬኖች ነበሩ። ፎርማኑ እጄን አየና «እንጨት ተሸከም» አለኝ። የገባሁት እንዲህ ነው። ከእንግሊዝኛ በፊት የጠቀመኝ ስፓኒሽ ነው። ቁጥሮቹን፣ መዶሻን፣ ሚስማርን፣ «ያዝ»ን፣ «ልቀቅ»ን በስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቡድኑ ሰው ይሆናል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚሠራው አንድ ነው፦ እንጨት መሸከም፣ ቁርጥራጭ መልቀም፣ ገመድ መዘርጋት፣ አጫጭር እንጨት መቁረጥ። ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ቀኑን ሙሉ ኔል ጋን ይዘው ሚስማር የሚረጩትን እያየ «መቼ ነው እኔም የምይዘው?» ይላል። እኔ የምመክረው ዓይናችሁን ከኔል ጋኑ ላይ እንድታነሱ ነው። ሚስማር መምታት ማንም ቶሎ ይለምደዋል። ሙያው ያለው እርሳስና ሜትር ይዞ ወለሉ ላይ የተንበረከከው ሰው ዘንድ ነው። እሱ ፕላኑን ያነባል፣ እንጨቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሌላው ሁሉ ምልክቱን ተከትሎ ይመታል። ይህ ሥራ ሌይአውት ይባላል። ጥሩ የሚከፈለውም እሱን ለሚችል ነው።

ለእኛ የመጀመሪያው እንቅፋት ኢንች ነው። በሴንቲሜትር ላደገ ሰው ኢንችን ለ16 ከፍሎ ማንበብ ያደክማል። ቆራጩ መጋዙ ጋ ቆሞ ቁጥር ሲጠብቅ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የለም። ማታ ማታ ጠረጴዛውንም ፍሪጁንም በሩንም እየለካሁ ጮክ ብዬ እናገር ነበር። ሦስት ስምንተኛ፣ አምስት ስምንተኛ፣ አሥራ አንድ አሥራ ስድስተኛ። ሌላም ነገር አለ። ቱ ባይ ፎር የሚባለው እንጨት በስሙ 2 በ4 ነው፤ ሲለካ ግን 1 ተኩል በ3 ተኩል ኢንች ነው። ቱ ባይ ሲክስ ደግሞ 1 ተኩል በ5 ተኩል። ይህን በቃሉ ያልያዘ ሰው ሒሳቡ ሁሉ ይዛባበታል።

አሁን ሌይአውቱን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። የግድግዳው የታችኛውና የላይኛው አግዳሚ፣ ፕሌት የምንላቸው፣ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ይጋደማሉ። ቋሚዎቹ ከመሃል እስከ መሃል በ16 ኢንች ርቀት ይቆማሉ። ለምን 16? ግድግዳውን ከውጭ የሚያለብሰው የኦኤስቢ ሰሌዳ 4 በ8 ጫማ፣ ማለትም 48 በ96 ኢንች ነው። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ይወጣል። ስለዚህ የሰሌዳው ጠርዝ ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ያርፋል። ግን አንዱ ቋሚ ላይ ሁለት ሰሌዳዎች ይገናኛሉ፤ የቋሚው ውፍረት ደግሞ 1 ኢንች ተኩል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ የሚደርሰው 3/4 ኢንች ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው መስመር 16 ላይ የማይሰመረው። 15 ከሩብ ላይ ይሰመርና ከመስመሩ ወደፊት ኤክስ ይደረጋል፤ ቋሚው የሚቆመው ኤክሱ ላይ ነው። ቀጥሎ 31 ከሩብ፣ ከዚያ 47 ከሩብ። ሦስተኛው ቋሚ ከ47 ከሩብ እስከ 48 ከ3/4 ድረስ ይይዛል፤ መሃሉ ድፍን 48 ነው። ሰሌዳው ይመጣል፣ ልክ መሃሉ ላይ ያርፋል። ይህ ሲገባኝ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ቁመቱም ሒሳብ አለው። ለ8 ጫማ ግድግዳ ከፋብሪካ ተቆርጦ የሚመጣው ቋሚ 92 ከ5/8 ኢንች ነው። የታች ፕሌት አንድ፣ የላይ ፕሌት ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 1 ተኩል። ሲደመር 97 ከ1/8 ይሆናል። ከ96 በላይ ያለችው ትርፍ ለኮርኒሱ ሰሌዳ ውፍረትና ከወለሉ በላይ ለሚቀረው ክፍተት ናት። አራት አራት ጫማ የሆኑት ሁለት የጂፕሰም ሰሌዳዎች ተጋድመው በልካቸው ይገባሉ። መስኮትና በር ላይ ሲደረስ ነገሩ ይወፍራል። ከላይ ጭነቱን የሚሸከም ጉበን አለ፤ ሄደር ይሉታል። ጉበኑን ከሥር ይዘው የሚቆሙ አጫጭር ቋሚዎች አሉ፤ ከእነሱ ጎን ደግሞ ከታች እስከ ላይ የሚሄዱ ሙሉ ቋሚዎች። ከመስኮቱ በላይና በታች የሚገቡት ትናንሾቹ እንጨቶችም ያንኑ የ16 ኢንች መስመር ይጠብቃሉ። ሰሌዳው መስኮት አለ ብሎ አይምራችሁም።

አጎቴ የቤት ማዕዘን የሚያወጣው በገመድ ነበር፤ ሁለቱ ጎን ሦስትና አራት ሲሆን ሰያፉ አምስት ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። እዚህም ያው ነው፤ 6፣ 8፣ 10 ጫማ እንይዛለን። ግድግዳው ተኝቶ እያለ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም እንለካለን። እኩል ከሆኑ ስኳድራው ልክ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ ይሰበሰብና «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» ተብሎ ይነሳል። ከአገር ቤቱ ዋናው ልዩነት የግድግዳው እግር ላይ ነው። እኛ ቋሚውን መሬት ውስጥ እንተክላለን፤ እዚህ እንጨት አፈር አይነካም። ኮንክሪቱ ላይ በመድኃኒት የታከመ እንጨት በብሎን ይታሰርና ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

እንጨት መምረጥም የሚማሩት ነው። እዚህ ብዙ የምንጠቀመው ዳግላስ ፈርና ሄም ፈር ነው፤ በዝናብ ረጥቦ የሚመጣ ብዙ ነው። እያንዳንዱን እንጨት አንስታችሁ በአንድ ዓይን በጠርዙ በኩል ታዩታላችሁ። ጎብጦ ከሆነ ጉብታው ወዴት እንደሆነ ምልክት ይደረግበታል። ወለል ላይ ጉብታው ወደ ላይ ይሆናል፤ ሰው ሲሄድበትና ዕቃ ሲጫንበት ይረጋል። ግድግዳ ላይ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ይህን ረዳት ሆናችሁም መሥራት ትችላላችሁ። እንጨት በምታቀብሉበት ጊዜ ጉብታውን አይታችሁ ካቀበላችሁ ፎርማኑ ያያል። እኔን ከሸክም ያወጣኝ ይሄ ነው።

ሲያትል የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት። በየካቲት 28 ቀን 2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ6.8 መጠን ተመትታለች። ስለዚህ አንዳንድ ግድግዳዎች ቤቱ ወደ ጎን እንዳይዛባ የሚይዙ ናቸው፤ ሚስማራቸው ፕላኑ ላይ ተጽፏል። ጠርዝ ላይ በየ6 ኢንች፣ ጠንከር ያለ ግድግዳ ከሆነ በየ4 ወይም በየ3፣ መሃል ላይ በየ12 መሆኑ የተለመደ ነው። ኢንስፔክተሩ መጥቶ በሜትር ይለካል። ከሚስማሮቹ ርቀት ይልቅ ግን ብዙ ሰው የማያየው የሚስማሩን ራስ ነው። ራሱ ከሰሌዳው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለኔል ጋኑ አየር የሚሰጠው የኮምፕረሰሩ ግፊት ከበዛ ሚስማሩ ሰሌዳውን በስቶ ጠልቆ ይገባል፤ ያኔ ሰሌዳውን አጥብቆ አይይዝም። ጠዋት ሰሌዳ ከመመታቱ በፊት ቁርጥራጭ ላይ ሁለት ሦስት ሚስማር ተኩሶ ግፊቱን ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ልጆች ይተኛሉ። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ስለ ኔል ጋን ካነሳሁ ሌላም ልጨምር። አንዱ ዓይነት ቃታውን ይዛችሁ አፉን ባስነካችሁት ቁጥር ይተኩሳል። ሌላው መጀመሪያ አፉን አስነክታችሁ ቀጥሎ ቃታ ካልሳባችሁ አይተኩስም። ሁለተኛውን ያዙ፤ ይዘገያል ቢሏችሁም። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ላይ ከ6 ጫማ ጀምሮ የመውደቅ መከላከያ ያዛል። ግንባታ ላይ ሰው የሚሞትበት ዋናው ምክንያትም መውደቅ ነው። ከመውደቅ የሚይዝ ቀበቶ የማይሰጥ ቡድን ጋ አትቆዩ።

ዝናቡን አትፍሩት፤ ልብስ ይበግረዋል። የሚከብደው ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጾም ወቅት ደግሞ በሶ ይዤ እሄዳለሁ። እንጨት የሚሸከም ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም፤ የንስሐ አባቴንም አማክሬያለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የመኖሪያ ቤት ፍሬሚንግ በአብዛኛው ዩኒየን የለበትም። ሥራው ለሰብኮንትራክተር፣ ከዋናው ተቋራጭ ሥራ ለሚወስድ ሰው፣ ይሰጣል፤ እሱ በስኩዌር ጫማ ይዋዋላል፤ ለሠራተኛው በሰዓት ወይም በሥራው ልክ ይከፍላል። «1099 እሰጥሃለሁ» የሚል ብዙ ነው፤ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በራስህ እንደምትሠራ ቆጥሬ እከፍልሃለሁ ማለቱ ነው። እጅ ላይ የሚገባው ብር ሲታይ ይበልጣል። ግን 15.3 ከመቶ የሚሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር በሙሉ ራሳችሁ ላይ ይወድቃል፤ የጉዳት ዋስትናውም የለም። ዋሽንግተን ውስጥ የሥራ ጉዳት ዋስትናን የሚያስተዳድረው ኤል ኤንድ አይ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። ተቋራጩ የተመዘገበ መሆኑን በድረ ገጹ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። እኔ ምዝገባውን ሳላይ አንድ ሰብኮንትራክተር ጋ ሄጄ የሠራሁበትን ገንዘብ ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል። የሰዓት ክፍያው ትንሽ ቢያንስም ደብሊው ቱ፣ ማለትም በተቀጣሪነት የሚከፈለውን፣ ያዙ። የሠራችሁበትን ሰዓትም በየቀኑ በደብተር ጻፉ።

ወጣት ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ አፕረንቲስሺፕ ከኔ መንገድ ይሻላል እላለሁ። የአናጢዎች ዩኒየን ከ1881 ጀምሮ ያለ ነው። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል፤ እየሠራችሁ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ፤ ክፍያውም በየደረጃው ይጨምራል። ሥራው ግን ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ያጋድላል። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ የሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ የእንጨት ቴክኖሎጂ ማዕከል የአናጢነት ትምህርት ይሰጣል። እንደኔ በቀጥታ ሳይት ሄዳችሁ ለመግባት ካሰባችሁ፣ የመጀመሪያውን ቀን ዕቃ በሙሉ አትግዙ። ባለ 25 ጫማ ሜትር፣ መዶሻ፣ ትንሿ ሦስት ማዕዘን ስኳድራ፣ የኖራ ክር፣ እርሳስ፣ ቢላዋ፣ የወገብ ቦርሳና ጠንካራ ጫማ ይበቃል። መጋዝና ኔል ጋን ቡድኑ አለው።

ሰዓቱንም ምረጡ። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ማንም ሊያናግራችሁ ጊዜ የለውም። አራት ሰዓት ገደማ ለቡና ሲቀመጡ ሂዱ፤ ሜትር የያዘውን ሰው ፈልጋችሁ እሱን አናግሩ። ወይ «ነገ አንድ ሰዓት ና» ይላችኋል፣ ወይ «ሰው አንፈልግም»። ሁለተኛውን ከሰማችሁ እዚያው መንገድ ላይ ወደሚቀጥለው ቤት እለፉ፤ አዲስ ሰፈር ሲሠራ ቡድኑ አንድ ብቻ አይደለም።