ፒኑ ላይ ስንት አረፈ? የሰሚ ትሬለር ልምድ ማካፈያ ከአዳማ

ያለፈው ማካፈያ ያቆመው ጎታችና ተሳቢን በትክክል ማያያዝ ላይ ነበር። ይህኛው ከዚያ ይቀጥላል፤ ጥያቄው ከተያያዙ በኋላ ክብደቱ የት ያርፋል የሚል ነው። አዳማ ላይ ጭነት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል ነው?» ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። 280 ኩንታል ጭኖ መሪው ባዶ መኪና የሚመስል አለ፤ ያንኑ 280 ኩንታል ጭኖ የአሰላን ዳገት ጎማው ሳይንሸራተት የሚወጣም አለ። የሚለያያቸው ከጭነቱ ምን ያህሉ በኪንግ ፒኑ (ከተሳቢው ግንባር ሥር ባለው፣ ከጎታቹ ጋር በሚያያይዘው የብረት ፒን) በኩል ወደ ጎታቹ እንደወረደ ነው።

ይህን ለማወቅ ሜትር ይዞ ሁለት ርቀት መለካት ይበቃል። አንዱ ከኪንግ ፒኑ እስከ ተሳቢው መሐለኛ አክስል ያለው ሲሆን ሌላው ከኪንግ ፒኑ እስከ ጭነቱ የክብደት መሐል ያለው ነው። ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛውን ቀንሱ፤ የቀረውን ለመጀመሪያው አካፍሉ፤ የወጣውን በጭነቱ ክብደት አባዙ። ያ ፒኑ ላይ የሚያርፈው ነው። የቀረው የተሳቢው ሦስት አክስሎች ድርሻ ነው።

በምሳሌ እንየው። የ40 ጫማ (12.2 ሜትር) ተሳቢ ነው፤ ፒኑ ከግንባሩ 1 ሜትር ወደ ኋላ ገብቷል፤ ከፒኑ እስከ መሐለኛው አክስል 8 ሜትር ነው። 28 ቶን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከተዘረጋ የጭነቱ መሐል ከግንባሩ 6.1 ሜትር፣ ከፒኑ ደግሞ 5.1 ሜትር ላይ ይውላል። 8 ሲቀነስ 5.1፣ 2.9 ነው፤ ለ8 ተካፍሎ በ28 ሲባዛ 10.15 ቶን ይሆናል። ተሳቢው ራሱ ባዶውን 7 ቶን ቢሆንና 2 ቶኑን ፒኑ ላይ ቢጥል፣ ፊፍዝ ዊሉ (ጎታቹ ጀርባ ላይ ያለው፣ ፒኑን በመንጋጋው የሚይዘው ሳህን) የሚሸከመው 12.15 ቶን ነው። በዚህ ተሳቢ ላይ ጭነቱን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት 350 ኪሎ ከኋላ አክስሎች ወደ ፒኑ ያዛውራል። 10 ሴንቲ ሜትር ማለት እኮ የአንድ እጅ መዳፍ ስፋት ነው!

ሲሚንቶ ላይ ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጫኞች ከግንባሩ ጀምረው ይደረድራሉ፤ 560 ከረጢት ሲሞላ ያቆማሉ፤ ኋላው ባዶ ይቀራል። ጭነቱ የመጀመሪያዎቹ 9 ሜትሮች ላይ ካለቀ መሐሉ ከፒኑ 3.5 ሜትር ላይ ይሆንና ፒኑ ከተሳቢው ድርሻ ጋር 17.75 ቶን ይሸከማል። የተጫነው ያው 28 ቶን ነው፤ የጎታቹ የኋላ አክስሎች ግን ከ5 ቶን በላይ ተጨመረባቸው። መፍትሔው ጭነት መቀነስ አይደለም። ድርድሩን ዝቅ አድርጎ እስከ ኋላ መዘርጋት ነው፤ ጫኞቹ ቢያጉረመርሙም።

ኮንቴነር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ኮንቴነር ውስጥ ያለውን ማንም አይዘረጋውምና። 25 ቶን የሚመዝን አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር በዚሁ ተሳቢ ላይ ሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። መሐል ላይ ከሆነ ፒኑ 11 ቶን ግድም ይይዛል፤ ሁሉም ደህና ነው። ፊት ላይ ከሆነ 20.6 ቶን ይደርሳል፤ በብዛት የምናያቸው ባለ 2 ኢንች ፊፍዝ ዊሎች ሰሌዳ ላይ ያለው የቁም ጭነት ወሰን 20 ቶን ነው፤ አለፈ ማለት ነው። ኋላ ጫፍ ላይ ከሆነ የኮንቴነሩ መሐል ከመሐለኛው አክስል አልፎ ስለሚውል ፒኑን ጭራሽ ወደ ላይ ያነሳዋል። ከተሳቢው 2 ቶን ላይ ግማሽ ቶን ያህል ይቀንስና 1.5 ቶን ብቻ ይቀራል።

ይህ የመጨረሻው ዳገት ላይ ምን ያደርጋል? ጎታቹ 9 ቶን፣ ተሳቢው 7፣ ኮንቴነሩ 25፤ ድምሩ 41 ቶን ነው። የሚነዱት አክስሎች ላይ ያረፈው ግን 5.3 ቶን ብቻ ነው፤ 3.9 ከጎታቹ ከራሱ፣ 1.4 ከፒኑ የመጣ። እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ከተሸከመው ክብደት ግማሹን ያህል ቢቧጥጥ የሚስበው 2.65 ቶን ነው። በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወጣ ዳገት ብቻውን 2.87 ቶን ይጠይቃል። ስለዚህ ጎማው ይሽከረከራል። ሞተሩ ቢያድግም ለውጥ የለውም። ኮንቴነሩን ኋላ የሚያስቀምጡት በሩን ከመጋዘን ጋር ለመግጠም እንዲመች ነው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሲጫን «መሐል ይሁን» ማለት የሾፌሩ ሥራ ነው። ለዚህም መሐል ላይ ትዊስት ሎክ (ኮንቴነሩን በጥጎቹ የሚቆልፍ) ያለው ተሳቢ ያስፈልጋል። ኋላ ጫፍ ላይ የተጫነ ተሳቢ ከጎታቹ ተፈትቶ በእግሩ ቆሞ ሳለ ፎርክሊፍት ከኋላ አይግባበት፤ የፎርክሊፍቱ ክብደት ሲጨመር ግንባሩ ሊነሳ ይችላል።

ፊፍዝ ዊሉ የት ተቀምጧል?

ፒኑ ላይ ያረፈው ክብደት በጎታቹ የፊትና የኋላ አክስሎች መካከል የሚከፋፈለው በፊፍዝ ዊሉ ቦታ ነው። ከፊት አክስል እስከ ሁለቱ የኋላ አክስሎች መሐል 3.875 ሜትር የሆነ ጎታች ላይ፣ ፊፍዝ ዊሉ ከኋላዎቹ መሐል 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ከተቀመጠ ከፒኑ ክብደት 5 በመቶ ያህሉ ወደ ፊት አክስል ይሄዳል። 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 በመቶ። ከመሐሉ ወደ ኋላ ካለፈ ግን ጭነቱ በጨመረ ቁጥር የፊት አክስል ይቀላል፤ መሪው ይንሳፈፋል፤ ዝናብ ላይ ኩርባ ሲያዝ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል።

ፊፍዝ ዊል አንቀሳቅሶ የገጠመ ጋራዥ ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰ ሳይናገር ቢሄድም ሚዛን ይናገራል። ጎታቹን ብቻውን የፊትና የኋላ አክስሎቹን ለይታችሁ መዝኑ፤ ለምሳሌ ፊት 5.1፣ ኋላ 3.9 ቶን። ጭነቱን አያይዛችሁ እንደገና መዝኑ፤ ፊት 5.7፣ ኋላ 15.4። ጭማሪው በድምሩ 12.1 ቶን ነው፤ ፒኑ ላይ ያረፈው ይህ ነው። ከዚህ ውስጥ ፊት ላይ የተጨመረው 0.6 ነው። 0.6 ለ12.1 ተካፍሎ በ387.5 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 19 ይመጣል፤ ፊፍዝ ዊሉ ከመሐሉ 19 ሴንቲ ሜትር ግድም ወደ ፊት ነው ማለት ነው። ሁለቱም ምዘና ላይ የነዳጁ መጠን አንድ ይሁን፤ ሾፌርና ረዳትም ወይ ሁለቱም ይግቡ ወይ ሁለቱም ይውረዱ፤ አለዚያ ትንሿ ቁጥር ትበላሻለች።

ወደ ፊት ለማምጣት ለሚያስብ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፒኑ 1 ሜትር የገባና 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ተሳቢ ሲታጠፍ የግንባሩ ጥግ ከፒኑ 1.6 ሜትር ርቆ ይዞራል። ጋቢናው፣ የአየር ማጣሪያውና የንፋስ ቱቦዎቹ ከዚያ ክብ ውጭ መሆን አለባቸው። የፊፍዝ ዊሉ መቀመጫም ሻንሲው ላይ አይበየድም፤ በቡሎን ይታሰራል፤ ቀዳዳውም በሻንሲው የጎን ግድግዳ ላይ እንጂ በላይና በታች ከንፈሩ ላይ አይበሳም። ከንፈሩ የተበሳ ሻንሲ ስንጥቁን የሚጀምረው ከዚያች ቀዳዳ ነው።

ወገብ የሚሰብረው የትኛው ንዝረት ነው?

ሾፌሮች «መኪናው ይመታል» ሲሉ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ያወራሉ፤ ሁሉም ጋራዥ ሲደርስ ግን አንድ መልስ ይሰጣቸዋል፤ ባሌስትራ ቀይር። ከዚያ በፊት ምቱ መቼ እንደሚመጣ መለየት ይሻላል።

ማርሽ ሲቀየርና ነዳጅ ሲለቀቅ ከኋላ ወደ ፊት የሚገፋ ምት ከሆነ በፒኑና በፊፍዝ ዊሉ መንጋጋ መካከል ክፍተት አለ። የተሳቢውን ፍሬን ያዙ፤ ጎታቹን በዝግታ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉ፤ አንድ ሰው በጎን ቆሞ ይመልከት፤ በሁለቱ መካከል ግን ማንም አይግባ። ክፍተት ከታየ መጀመሪያ ፒኑ ይለካል፤ ልኩ ላይ ካለ መንጋጋው በማስተካከያ ቡሎኑ ይጠበቃል። ያለቀ ፒን ላይ መንጋጋ ማጥበቅ አዲስ ተሳቢ ሲመጣ አልዘጋም ያሰኛል።

ያው ምት የሚመጣው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የተሳቢው ፍሬን ዘግይቶ እየያዘ ነው፤ ተሳቢው ጎታቹን ይገፋል። የተሳቢውን የፍሬን ማስተካከያዎችና የቢጫውን (የፍሬን ትዕዛዙን የሚያደርሰውን) የንፋስ መስመር ፈትሹ።

ጋቢናው ራሱን እንደሚነቀንቅ ሰው ፊትና ኋላ ከተወዛወዘ የክብደት አከፋፈል ጉዳይ ነው፤ ከላይ ያለው ስሌት ይሠራል። የተሳቢው ወለል ደልዳላ ሜዳ ላይ አግድም መሆኑንም እዩ። ግንባሩ ከፍ ካለ ክብደቱ ወደ ሦስተኛው አክስል፣ ዝቅ ካለ ወደ መጀመሪያው ያጋድላል። የባሌስትራ ተሳቢ ላይ ሚዛን ሳይፈለግ ጎማው ይመሰክራል፤ ከሦስቱ አንዱ አክስል ጎማ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ መጀመሪያ የተሳቢው ከፍታ ይታይ።

ከታች ወደ ላይ «ቋ» የሚል፣ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፊፍዝ ዊሉ ሳህን በታች ያለው ጎማ ትራስ ማለቁ ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ችላ ከተባለ ግን መቀመጫውን ያላላል።

ልኬትና ግራሶ

ባለ 2 ኢንች ኪንግ ፒን አዲስ ሲሆን አንገቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 49 ሲደርስ ይወጣል። ከአንገቱ በላይ፣ ወደ ተሳቢው ሳህን የሚጠጋው ወፍራሙ ክፍል 73 ነው፤ 71 ሲደርስ ይወጣል። ካሊፐሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትያዙ፤ ፒን የሚበላው ፊትና ኋላው ነውና ክብነቱን ያጣል፤ ፊት-ኋላና ግራ-ቀኝ ለኩ። ከተሳቢው ሳህን እስከ ፒኑ ጫፍ ከ82.5 እስከ 84 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚህ ከወጣ ሳህኑ ጎብጧል ወይም ፒኑ በትክክል አልተገጠመም። ያለቀ ፒን በብየዳ ሞልቶ በድንጋይ ሞርዶ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ብየዳው ብረቱን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ፒን ደግሞ ሳይጎብጥ በአንዴ ይሰበራል።

የመጎተት አቅም ሰሌዳው ላይ «ዲ» ተብሎ በኪሎ ኒውተን ተጽፏል። ስሌቱ 9.81 ሲባዛ በ0.6፣ ሲባዛ በጎታቹ ክብደት (ፒኑ ላይ ካረፈው ጋር)፣ ሲባዛ በተሳቢው ከነጭነቱ ክብደት ነው፤ ይህ ሁሉ የሚካፈለው ሁለቱ ተደምረው የፒኑ ክብደት ከተቀነሰላቸው ለሚቀረው ነው። በ21፣ 35 እና 12 ቶን ሲሠራ 98 ይሆናል። 152 የተጻፈበት ፊፍዝ ዊል ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ በኛ መንገድ ፊፍዝ ዊል የሚሰበረው አቅም አንሶት አይደለም። ደርቆ፣ ላልቶ ወይም በትክክል ሳይዘጋ ነው።

ግራሶ ላይ ስስት አያዋጣም፤ ግን አሮጌው ላይ መደረብም ግራሶ መቀባት አይደለም። ከመተሐራ ወዲያ ያለው አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ተቦክቶ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። ጥራጊው በስፓቱላ ይነሳ፤ ሳህኑና መንጋጋው በጨርቅ ይጠረግ፤ ከዚያ ለከባድ ጫና የተሠራ ግራሶ ሳህኑ ላይ፣ መንጋጋውና ፒኑ ላይ ይቀባ። አቧራ ላለበት መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ጥሩ ልክ ነው። ደረቅ ሳህን ሲታጠፍ ተሳቢው ጎታቹን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ በዚያ ላይ የፊት አክስል ከቀለለ መሪው ዞሮ መኪናው አይዞርም።

ካለፈው ማካፈያ አንድ ነገር ብቻ ይደገም፤ ብዙ ጥያቄ መጥቶበታልና። የተሳቢው ሳህን ከፊፍዝ ዊሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጎታቹ ሲገባ ሊነሳ ይገባል። ከፍ ካለ ፒኑ ከመንጋጋው በላይ ያልፍና መንጋጋው ከሥሩ ይዘጋል፤ እጀታውም የተቆለፈ ይመስላል። ስለዚህ በእጀታው አትመኑ፤ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡና መንጋጋው የፒኑን አንገት መያዙን፣ በሳህኖቹ መካከልም ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አለመኖሩን እዩ። ከዚያ የተሳቢው ፍሬን ተይዞ በአንደኛ ማርሽ ወደ ፊት ይሳብ። የንፋስ ቱቦዎቹ ሲገጠሙ ቢጫው ቀድሞ ቀዩ (ንፋስ የሚያቀብለው) ይከተላል፤ ሲፈታ ቀዩ ይቀድማል። ቀዩ ሲገጠም የተሳቢው ፍሬን ሊለቅ ስለሚችል ታኮው ከዚያ በፊት ይግባ።

ጎማን በተመለከተ፣ አዳማ 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በ20 ዲግሪ ጠዋት 120 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ በአፋር ሜዳ 40 ዲግሪ ላይ 127 ያህል ያሳያል። ከፍታው ሲወርድ ጌጁ 2 ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይጨምራል። ይህ የአየሩ ለውጥ ብቻ ነው፤ ጎማው እየሮጠ የሚሞቀው ሲታከልበት ከዚህም ያልፋል። ያን አይቶ ማስተንፈስ ጭነት የተሸከመን ጎማ ማላላት ነው፤ የላላ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየተጣጠፈ የበለጠ ይሞቅና ይፈነዳል። እዚያው ቆላ አድሮ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲለካ ከ120 በደንብ ከወረደ ግን ቀዳዳ ወይም የላላ ቫልቭ አለና ጎሚስታ ጋ ሳይደርስ ጉዞ አይቀጥል።