ሰባቱ የጸሎት ሰዓታትና የእኔ ውሎ፦ የአራት ወር ማስታወሻ

ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት ለመጠበቅ እንደምሞክር ከነገርኳችሁ አራት ወር ሞላኝ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ወር አልሆነልኝም። ስልኬ ላይ ሰባት ደወል ሞላሁ። ሠለስት (የረፋዱ ጸሎት) ሲደውል ሥራ ላይ ነኝ፤ ሠርክ (የማምሻው) ሲደውል የታክሲ ሰልፍ ላይ። ደወሉን እያጠፋሁ እውልና ማታ በጸጸት እተኛለሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ከሥራሽ የምትሸሺበት ሰዓት አትፈልጊ፤ ሥራሽ ላይ ሆነሽ ጸልዪ» አሉኝ። በማግስቱ ደወሎቹን ሁሉ አነሳሁና እያንዳንዱን ሰዓት ከአንድ የዕለት ሥራዬ ጋር አሰርኩት።

ነግህ፣ የንጋቱ ጸሎት፣ ቀሎኛል። እዚህ የካ አባዶ ሊነጋ ሲል ቅዳሴውና አዛኑ ተከታትለው ይሰማሉ፤ ጎረቤቴም ለሱብሂ፣ ለሙስሊሞች የንጋት ሶላት፣ ስትነሳ የምትቀዳው ውሃ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። የእርሷ መነሳት እኔንም ያነሳኛል። ውሃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ አቡነ ዘበሰማያትን የምደግመው ጀሪካን እየሞላሁ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። መዝሙረ ዳዊት አሥር አሥር መዝሙር እየተባለ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል። በሥርዓቱ ለሰኞ ብቻ ሦስት ንጉሥ ይደርሳል፤ እኔ ግን እስከ መገናኛ የምችለው አንዱን ነው። በሥራ ቀን አንድ ንጉሥ ካደረስኩ በሦስት ሳምንት 150ውን እጨርሳለሁ። አሁን አራተኛ ዙሬን ጀምሬአለሁ። ሰልፉ ሲረዝም እናደድ የነበርኩት ሰው፣ ዛሬ ታክሲው ቶሎ ሲደርስ የጀመርኩት መዝሙር ሳያልቅ መውረዴ ይቆጨኛል።

ሠለስት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደበት፣ ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ተሰዓት ነፍሱን የሰጠበት፣ ሠርክ ወደ መቃብር የወረደበት ሰዓት ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ግን ሠለስት የእኛው ሦስት ሰዓት፣ ተሰዓትም የእኛው ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ልብ ያልኩት በዚህ ዓመት ነው። የእጄ ሰዓት በየቀኑ ያንን ዓርብ ሲቆጥርልኝ ኖሮአል።

እጅግ የለወጠኝ ግን መንፈቀ ሌሊት ነው። ለዚያ ጸሎት መነሳት አቅቶኝ ትቼው ነበር። አንድ ሌሊት እንጀራ ስጋግር ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳየው ስድስት ሰዓት። ለካ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነቅቼ ነው የማሳልፈው! በእኛ ሕንፃ ቀን መብራቱ ስለሚደክም ምጣድ የሚግለው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። ለዓመታት በዚያ ሰዓት በድካሜ ሳማርር ነበር።

አሁን ምጣዱን በጎመን ዘር አስሼ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል አዞራለሁ። ዐይኑ አንድ በአንድ ሲከፈት ዝም ብዬ አያለሁ፤ ከዚያ እከድነውና መቁጠሪያዬን እይዛለሁ። 41 እግዚኦታ («እግዚኦ» እያሉ ምሕረት መለመን)፣ ቀስ ብዬ ስለው፣ ሁለት እንጀራ ያደርሳል። ጠርዙ ሲነሳ ሰፌዱን ከሥሩ አስገብቼ አወጣለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲያለብሰው የምጸልይላቸው ሰዎች ስም ይመጣልኛል፤ ይህ ለእናቴ፣ ይህ ለታመመችው ባልደረባዬ እያልኩ እደራርባለሁ። ልጆቼ ጠዋት ሲበሉት የማን ስም እንዳለበት አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

ያልተሳካልኝ ተሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮአችን ባለጉዳይ ይበዛበታል፤ ያለፈው ሳምንት ያስታወስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል በሥራ ቦታ ይህን ሰዓት የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከምን ጋር እንዳሰራችሁት ንገሩኝ።