የ95 ዶላሩ ካርድ ወይስ የ395ቱ?

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አሣ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ፊቴ ቆሮሶ ጥብስ አለ፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ። እዚህ ቤት ካርዱ ምንም አይሠራም፤ ሒሳብ በጥሬ ብር ወይ በቴሌብር ነው። ግን እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው። እንደኔ ዲሲ አካባቢ ኖራችሁ በዓመት አንዴ እናታችሁን ለማየት የምትመጡ ካላችሁ፣ ዓመታዊ ክፍያ ካላቸው የጉዞ ካርዶች ጋር ያሳለፍኩትን ላውጋችሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት በዓመት ከ500 ዶላር በላይ የሚያስከፍል ካርድ ነበር። «የሚሰጥህ ከሚወስድብህ ይበልጣል» ብሎ ያሳመነኝ ጓደኛዬ ነው። እውነትም ወረቀቱ ላይ ይበልጣል። ለታክሲ በየወሩ ይህን ያህል፣ ለሱቅ ያን ያህል፣ ለሆቴል ደግሞ ሌላ። እኔ ግን የራሴ መኪና አለኝ፣ እዚህ ስመጣ ባጃጅ ነው የምይዘው፣ የማድረውም እናቴ ቤት ነው። የወሩ ድርሻ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ይቃጠላል። እንዳይቃጠልብኝ ብዬ ሳይርበኝ ምግብ ያዘዝኩባቸውን ቀናት ባልቆጥራቸው ይሻላል።

ነገሩን ለእናቴ ሳስረዳት ቡና እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ ብር ሊሰጡህ ብር ትከፍላለህ?» አለች። መልስ አጣሁ።

በዚያው ሰሞን ደብተር አወጣሁና ከካርዱ ጥቅሞች ውስጥ፣ ካርዱ ባይኖርም ከኪሴ አውጥቼ የምገዛቸውን ብቻ ጻፍኩ። የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የአውሮፕላን ቲኬትና ሻንጣ። ደውዬ ካርዱን ክፍያ ወደሌለው ዓይነት ዝቅ አድርጉልኝ አልኳቸው። አካውንቱን ከመዝጋት ይህ ይሻላል፤ የብድር ታሪካችሁ ዕድሜ አይነካም።

ከዚያ ምርጫው በሁለት ካርዶች መካከል ሆነ። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ በዓመት 95 ዶላር ነው። ካፒታል ዋን ቬንቸር ኤክስ 395 ነው፤ ግን በራሱ የጉዞ ገጽ ለምትገዙት በየዓመቱ 300 ዶላር ይችላል፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ 10,000 ማይል (ለቲኬት የሚሆን ነጥብ) ይጨምራል። ሒሳቡን ስትሠሩት የ395ቱ ረከሰ ማለት ነው። እኔም ልወስደው ነበር።

ያስቆመኝ ለቅሶ ነው። አንድ ዓመት ቲኬቴን በባንክ ገጽ ቆርጬ መጥቼ፣ ልመለስ 2 ቀን ሲቀረኝ አክስቴ አረፈች። ሳልቀብራት፣ ሰልስቷን ሳላወጣ እንዴት ልሂድ? ቀኑን ልቀይር ቲኬት ቢሮ ስሄድ «የሸጠልህ ይቀይርልህ» ተባልኩ። ሌሊት፣ ሰው ከተኛ በኋላ፣ ጓሮ ቆሜ አሜሪካ ስደውል ነጋ። ከዚያ ወዲህ ቲኬቴን በቀጥታ ከአየር መንገዱ ነው የምገዛው። በቀጥታ ከገዛሁ ደግሞ 300ዋ ለእኔ የለችም። እህቴ ግን የ395ቱን ወሰደች፣ ልክም ናት፤ ለሥራ አሜሪካ ውስጥ ትበራለች፣ 300ውን ሳታስበው ትጨርሰዋለች፣ ላውንጅም (የኤርፖርት ማረፊያ ክፍል) ትወዳለች።

የ95ቱን የወሰድኩበት ሌላው ምክንያት በካርዱ ስከፍል የሚጠራቀመው ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አልያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። የእነዚህ ባንኮች ነጥብ ወደ ሼባማይልስ፣ ማለትም ወደ አየር መንገዱ የራሱ የነጥብ ፕሮግራም፣ አይሄድም፤ ወደ ኤር ካናዳው የነጥብ ፕሮግራም ኤሮፕላን የሁለቱም አንድ ለአንድ ይተላለፋል፣ ወደ ዩናይትድ ግን የቼዙ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱም የኅብረቱ አባል ስለሆኑ በእነሱ በኩል የኢትዮጵያን ወንበር መያዝ ይቻላል። ደስ የሚለው ደግሞ ከዲሲው ደለስ ኤርፖርት እስከ ባሕር ዳር በአንድ ቲኬት መሆኑ ነው። 23 ኪሎ የሚይዙት የሁለቱ ሻንጣዎች ፈቃድ እስከ ባሕር ዳር ይሠራል። የአገር ውስጡን ለብቻ የቆረጠ ሰው ቦሌ ላይ ስለ ኪሎ ሲከራከር አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ግን የራሴን ጅልነት ልናገር። ነጥቡ እንደሞላልኝ ወንበር መኖሩን ሳላይ አስተላለፍኩት። አንዴ ከተላለፈ አይመለስም። ገናንና ጥምቀትን አስቤ ነበር፤ በዚያ ሰሞን በነጥብ የሚገኝ ወንበር አጣሁ፣ በየቀኑ ብፈልግ ባዶ። በመጨረሻ የተገኘው መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴ መሃል ነበር። ዓመቱን ሙሉ የጣና አሣ ሲያምረው የከረመ ሰው ሐይቁን እያየ ሽሮ በላ። አሁን መጀመሪያ ወንበሩን አያለሁ፣ ከዚያ ነው ነጥቡን የምነካው።

ክፍያ የለውም ብላችሁ የያዛችሁትን ካርድ ውልም አንብቡት። ብዙዎቹ ከአገር ውጭ ስትከፍሉ 3 በመቶ ይቆርጣሉ። አንዴ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ለእንግዶቼ ከፍዬ ያወቅኩት ሒሳቡ ሲመጣ ነው። ሁለቱ ካርዶች ይህን አያስከፍሉም። ወለዱ ግን የሁሉም 20 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ በየወሩ ሙሉውን የማትከፍሉ ከሆነ ነጥቡን እርሱት፤ በነጥብ ያገኛችሁትን ወለዱ ይበላዋል።

ትናንት እናቴ እንደገና ጠየቀችኝ።

«ዘንድሮስ ስንት ከፈልካቸው?»

«95 ዶላር።»

በብር ስንት እንደሆነ አስቆጠረችኝና ትንሽ አሰበች። «የአንድ በግ ዋጋ ነው» አለች። «ለገና ካደረሰህ ግድ የለም፤ በሁዳዴ የሚያመጣህ ከሆነ ግን መልስላቸው።»